የማዶው በረንዳ በሁለት ካሜራ

ተናጋሪዎቹ፦

ብልጭታ፦ ስቱዲዮውን ዘግቶ ቤት የዋለ አሮጌ ፎቶ አንሺ። ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ቅጽል ስም ነው የሚጠራው።

ሚስት፦ የብልጭታ ሚስት።

[የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ፤ ረፋድ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መሃላቸው አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ካሜራ ተቀምጧል። አንዱ ጥቁርና ከባድ ነው፤ ጠርዙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ሌላዋ ኪስ ትገባለች። ከሰፊው መንገድ ማዶ ሌላ ፎቅ ቤት አለ፤ እዚያ በቅርቡ የወለደችው ልጃቸው ትኖራለች። ብልጭታ ከልጁ ሠርግ ወዲህ ያንን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም። የልጅ ልጁንም ገና አላያትም።]

ሚስት፦ ካሜራ ናት።

ብልጭታ፦ አይደለችም።

ሚስት፦ ፎቶ ታነሳለች አይደል?

ብልጭታ፦ ስልክም ያነሳል። ባንክ በር ላይ የተሰቀለውም ያነሳል። ካሜራ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሚስት፦ ካርቶኗ ላይ «ካሜራ» ይላል እኮ።

ብልጭታ፦ ካርቶን የማይለው ነገር የለም።

ሚስት፦ እና ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ብልጭታ፦ ለእነማን?

ሚስት፦ ለሰዎቹ። «ባለሙያ ይይልንና ለሕፃን ልጅ ፎቶ ትሆን እንደሆነ ይንገረን» ብለው የላኳት ናቸዋ።

ብልጭታ፦ የምን ሕፃን?

ሚስት፦ የሰው ሕፃን።

ብልጭታ፦ [ትንሿን ካሜራ በሁለት ጣት አንስቶ እያገላበጠ] እንግዲህ ሙያ በጥድፊያ አይፈርድም። መነጻጸር አለበት። ትልቁ በዚህ በኩል፣ ትንሿ በዚህ በኩል። አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዒላማ።

ሚስት፦ ዒላማው ምንድን ነው?

ብልጭታ፦ ዒላማ በዘፈቀደ ነው የሚመረጠው። [ወዲያው] ያ ማዶ ያለው በረንዳ። ልብስ የተሰጣበት።

ሚስት፦ የልጃችን በረንዳ?

ብልጭታ፦ የማን እንደሆነ አላየሁም። ነጭ ጨርቅ ስላለበት ነው። ነጭ ጨርቅ ካሜራን ይፈትናል።

ሚስት፦ የሕፃኗ የሽንት ጨርቅ ነው።

ብልጭታ፦ ነጭ ነው አልኩ እንጂ የምን ነው አልኩ?

[ትልቁን ካሜራ ያነሳል። ማንገቻውን አንገቱ ላይ ሲያጠልቅ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይጎተታል።]

ሚስት፦ ይከብዳል አይደል?

ብልጭታ፦ ክብደት ነው ሙያ ማለት። ይሄ ዲኤስኤልአር ነው።

ሚስት፦ የቀድሞው ባለቤቱ ነው?

ብልጭታ፦ ስም አይደለም! ዓይነቱ ነው። ውስጡ መስታወት አለው ማለት ነው።

ሚስት፦ መስታወት?

ብልጭታ፦ መስታወት። በዚህ ቀዳዳ ስታይ የምታይው በመስታወቱ በኩል የመጣውን እውነተኛ ብርሃን ነው። ትንሿ ግን መስታወት የላትም። ቴሌቪዥን ነው የምታሳይሽ።

ሚስት፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን መስታወት ፊትህ ይዘህ ሸሚዝህን አዛብተህ የምትቆልፈው ለምንድን ነው?

ብልጭታ፦ [ሸሚዙን አይቶ፣ እንዳላየ] ለራስ ማያ አይደለም። ደግሞ ዋናው ሴንሰሩ ነው። የዚህ ሴንሰር ትልቅ ነው።

ሚስት፦ ጋዜጣ ቤት ስትሠራ የነበረው?

ብልጭታ፦ የቱ?

ሚስት፦ ሳንሱሩ።

ብልጭታ፦ ሳንሱር አላልኩም። ሴን-ሰር። ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው።

ሚስት፦ ያም እኮ የሚወደውን ይቀበላል፣ የማይወደውን ይመልሳል።

ብልጭታ፦ ይሄ ሁሉን ይቀበላል!

ሚስት፦ እንግዲያው ካንተ ይሻላል።

ብልጭታ፦ [እንዳልሰማ] ትልቅ ሴንሰር ማለት ፉል ፍሬም ማለት ነው። ፉል ፍሬም ስልሽ ገባሽ?

ሚስት፦ ፉል ሙሉ ማለት አይደል? ፍሬም ደግሞ ፍሬም ነው።

ብልጭታ፦ ጎበዝ።

ሚስት፦ ሳሎን የሰቀልከው ግን ባዶ ነው።

ብልጭታ፦ ስለዚያ ፍሬም አይደለም የማወራው።

ሚስት፦ ቤታችን ውስጥ ሌላ ፍሬም የለም። የልጅቷን የሠርግ ፎቶ ላደርግበት ብለህ ገዛኸው፤ አላደረግህበትም። እንግዳ ሲመጣ «ማን ነው?» ይለኛል። «አየር ነው» እላለሁ።

ብልጭታ፦ የሷ የሠርግ ፎቶ እዚያ አይገባም።

ሚስት፦ ይጠበዋል?

ብልጭታ፦ ይቀለዋል! ሠርጉን ያነሳው የሙሽራው ጓደኛ ነው፤ እንዲህ ያለች መጫወቻ ይዞ። [ትንሿን ይጠቁማል።] ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀይ ሆኖ ነው የወጣው።

ሚስት፦ ያን ቀን እኮ ሁላችንም አልቅሰናል።

ብልጭታ፦ የፍላሽ ቅላት ነው! የለቅሶ ቅላት ሌላ ነው። የለቅሶ ቅላት ከታች ይጀምራል።

ሚስት፦ ያንተስ ከየት ጀመረ?

ብልጭታ፦ [ካሜራውን ወደ ማዶ ያነጣጥራል።] ዝም በይ፣ ላነሳ ነው።

[ቀጭ የሚል ከባድ ድምፅ። ሚስት ከወንበሯ ትነሳለች።]

ሚስት፦ ምን ተሰበረ?

ብልጭታ፦ ምንም አልተሰበረም። መስታወቱ ነው የተነሳው። አየሽ፣ ትልቅ ካሜራ ሲያነሳ ያስታውቃል። ሰው ይሰማል፣ ይዘጋጃል፣ ይኮራል።

ሚስት፦ ሕፃን ከሆነች ግን ከእንቅልፏ ትነሳለች።

ብልጭታ፦ ሕፃን ማን አነሳ? ጨርቅ ነው ያነሳሁት። ነይ እዪው።

[ሁለቱም የካሜራው ኋላ መስኮት ላይ ያጎነብሳሉ።]

ሚስት፦ ያምራል።

ብልጭታ፦ ቀለሙን እዪ። ሰማዩን እዪ።

ሚስት፦ ሰማዩ በጣም ያምራል። በረንዳው የታለ?

ብልጭታ፦ እዚህ።

ሚስት፦ ይቺ ነጥብ?

ብልጭታ፦ ነጥብ አይደለችም። ስትጎላ ትገለጣለች። [ያጎላዋል።] ይኸው።

ሚስት፦ ትልቅ ነጥብ ሆነች።

ብልጭታ፦ ይሄ ገና ጥሬ ነው። እኔ ጥሬ ነው የማነሳው።

ሚስት፦ ጥሬ?

ብልጭታ፦ ጥሬ። ካሜራው ምንም ሳይነካካው፣ እንዳለ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይበስላል።

ሚስት፦ ለዚህ ነዋ!

ብልጭታ፦ ለምኑ?

ሚስት፦ የእህቴ ልጅ የሠርግ ፎቶ እስካሁን አለመድረሱ። እሳት ላይ ነው ብዬ እነግራታለሁ።

ብልጭታ፦ የእህትሽ ልጅ ፎቶ የዘገየው እናትሽን ከሁሉም ፎቶ ላይ ላጥራት ስል ነው።

ሚስት፦ አልጠራችማ! ባነሳኸው ፎቶ ሁሉ እናቴ ጭጋግ ናት።

ብልጭታ፦ ትልቅ ካሜራ እንደሱ ነው የሚሠራው። ፊት ያለውን ጥርት አድርጎ ኋላ ያለውን ያደበዝዛል። ውበቱ እሱ ላይ ነው።

ሚስት፦ ሁልጊዜ ኋላ የሚያቆማት ታዲያ ማነው?

ብልጭታ፦ ቁመቷ ነው።

ሚስት፦ እናቴ አጭር ናት።

ብልጭታ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ሚስት፦ እንመለስ። ረጅም ሌንስ ነበረህ አይደል? ያ ኳስ ሜዳ የምትወስደው። በሱ ብታነሳው ነጥቧ አትቀርብም?

ብልጭታ፦ ሻግቷል።

ሚስት፦ ሌንስ ይሻግታል?

ብልጭታ፦ ይሻግታል። እርጥበት ገብቶበት ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት፣ ለብዙ ጊዜ ማንም ካልነካው ውስጥ ውስጡን ይሻግታል።

ሚስት፦ [ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።] ከውጭስ ያስታውቃል?

ብልጭታ፦ ከውጭ ደህና ይመስላል።

ሚስት፦ አዎ፣ ይመስላል።

ብልጭታ፦ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?

ሚስት፦ ስለ ሌንሱ ነው። መድኃኒት የለውም?

ብልጭታ፦ ቶሎ ከሆነ ፀሐይ ያስለቅቀዋል። ከቆየ መስታወቱን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠርገው የለም።

ሚስት፦ እሺ፣ ትንሿን ሞክራት። ፀሐይ ሳይሄድ።

ብልጭታ፦ ለማነጻጸር ያህል ነው እንጂ እኔ…

ሚስት፦ ለማነጻጸር ያህል።

[ብልጭታ ትንሿን ካሜራ ይከፍታል። ሌንሷ ዚ…ዝ እያለ ይወጣል፤ ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወጣል።]

ሚስት፦ አያልቅም?

ብልጭታ፦ ጉራ ነው። ትንሽ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ መንጠራራት ይወዳል። ይሄ ሁሉ ዙም ጥራቱን ይገድለዋል። ሴንሰሯ ምስር ታህላለች። ጨለም ሲል ደግሞ ፎቶው ኖይዝ ይሞላል።

ሚስት፦ ምን ይሞላል?

ብልጭታ፦ ጫጫታ።

ሚስት፦ ፎቶ ይጮኻል?

ብልጭታ፦ ይጮኻል።

ሚስት፦ ሕፃኗ ስላለችበት ነው። ማታ ማታ ትንሽ ታስቸግራለች።

ብልጭታ፦ ማታ ማታ እንደምታስቸግር በምን አወቅሽ?

ሚስት፦ ሕፃን ሁሉ ማታ ያስቸግራል።

ብልጭታ፦ [ዓይኑን ካሜራዋ ላይ ተክሎ] እህ… የት ነው ያለሁት? አንድ ሰውዬ ጥርሱን ይቦርሻል።

ሚስት፦ ከልጃችን በታች ያለው ነው። አንድ ፎቅ ውጣ።

ብልጭታ፦ የኋላ ጥርሱ ተቦርቡሯል።

ሚስት፦ ይታያል?!

ብልጭታ፦ [በቅሬታ] ይታያል። ጥራት የላትም እንጂ ይታያል።

ሚስት፦ ውጣ አልኩህ እኮ። ሰው አፍ ውስጥ ምን ትሠራለህ?

ብልጭታ፦ ወጣሁ። ድመት።

ሚስት፦ ልክ ነህ። ከድመቷ ወደ ግራ። የወጥ ቤቱን መስኮት አልፈህ።

ብልጭታ፦ ወጥ ቤት መሆኑን በምን አወቅሽ? መጋረጃ ነው የሚታየኝ።

ሚስት፦ ከመጋረጃው ኋላ ማድቤት ነው። ማጠቢያው ያፈሳል። ሥሩ ባልዲ አስቀምጠዋል፣ አረንጓዴ።

[ብልጭታ ካሜራዋን ዝቅ ያደርጋል።]

ብልጭታ፦ አንቺ ሴትዮ።

ሚስት፦ አቤት።

ብልጭታ፦ ከዚህ ባልዲ ይታያል?

ሚስት፦ ከዚህማ አይታይም።

ብልጭታ፦ ስንት ጊዜ ነው «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብለሽ የወጣሽው?

ሚስት፦ ብዙ ጊዜ።

ብልጭታ፦ አንድ ቀን ሽንኩርት ይዘሽ ተመልሰሽ ታውቂያለሽ?

ሚስት፦ ሽንኩርት ተወዷል።

ብልጭታ፦ እኔ ጅል መሰልኩሽ? ከዚሁ በረንዳ ሆኜ እኮ ነው የማይሽ። ከበራችን ወጥተሽ ቀጥ ብለሽ መንገዱን ትሻገሪያለሽ። ገበያው በስተጀርባ ነው።

ሚስት፦ እያየኸኝ ነው ዝም ያልከው?

ብልጭታ፦ እያየሁሽ።

ሚስት፦ እኔ ደግሞ እንዳታየኝ መቀነቴ ውስጥ ሽሮ ደብቄ እወስድላት ነበር፤ ሲበተንብኝ።

ብልጭታ፦ የኋላሽ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። አላልኩሽም እንጂ።

ሚስት፦ ልትለኝ ይገባ ነበር! በዚያ ሁሉ ሰው መሃል!

ብልጭታ፦ ብልሽ ኖሮ የት ሄደሽ ነው ብዬ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ብትነግሪኝ ደግሞ መልስ ልሰጥ ነው።

ሚስት፦ መልስህ ምን ነበር?

ብልጭታ፦ [ካሜራዋን መልሶ ያነሳል።] አላዘጋጀሁም።

ሚስት፦ አባቷ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሠርጓ ቀን ምን ብላህ ነው?

ብልጭታ፦ አንቺም ነበርሽ፣ ሰምተሻል።

ሚስት፦ እኔ ኋላ ነበርኩ፣ ከእናቴ ጋር። ደብዝዤ።

ብልጭታ፦ «አባዬ፣ ዛሬ ካሜራህን አስቀምጥና እጄን ያዝ» አለችኝ። ለዚህ ሰፈር ሠርግ ሁሉ የተጠራሁ ሰው! የማንንም ልጅ ሠርግ ያነሳሁ ሰው! የገዛ ልጄ ሠርግ ላይ «አስቀምጥ» ተባልኩ።

ሚስት፦ «እጄን ያዝ» ነው እኮ ያለችህ። አታንሳ አላለችህም።

ብልጭታ፦ ይሄ ካሜራ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው!

ሚስት፦ ለዚህ እኮ ነው አስቀምጠው ያለችህ። እና አስቀመጥከው?

ብልጭታ፦ አስቀመጥኩት።

ሚስት፦ እጇን ያዝክ?

ብልጭታ፦ ቂም ያዝኩ።

ሚስት፦ እሱስ በስንት እጅ ነው የሚያዘው?

[ብልጭታ ካሜራዋን ወደ ማዶ አነጣጥሮ ቀስ እያለ ወደ ግራ ያንቀሳቅሳል። በድንገት ቀጥ ይላል፤ ቀጥሎ ከበረንዳው አጥር በታች ይጎነበሳል።]

ሚስት፦ ምን ሆንክ?

ብልጭታ፦ [በሹክሹክታ] ወጣች።

ሚስት፦ ፀሐይ ልታሞቃት ነው። ረፋድ ላይ ታወጣታለች። ለምን ትደበቃለህ?

ብልጭታ፦ ታየኛለች።

ሚስት፦ መንገድ ማዶ ናት እኮ!

ብልጭታ፦ በዚች ግን አፍንጫዬ ሥር ናት።

ሚስት፦ ተነስና እይ። ለማነጻጸር ያህል።

[ብልጭታ ቀስ ብሎ ይነሳል። ክርኖቹን አጥሩ ላይ ያሳርፋል።]

ሚስት፦ ምን ይታይሃል?

ብልጭታ፦ ፎከሷ መጥፎ አይደለም።

ሚስት፦ ሌላስ?

ብልጭታ፦ ቀለም ላይ ችግር አለባት። ቀይ ታበዛለች።

ሚስት፦ ልጅቷ ቀይ ናት።

ብልጭታ፦ እንደዚያ ከሆነ ልክ ናት። ጠርዝ ላይ ግን ታዛባለች። ርካሽ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ወደ ውጭ ይስበዋል። ጆሮዋን እዪ፣ ተቀስሯል።

ሚስት፦ ጆሮዋ ያንተ ነው። ሁለቱም።

ብልጭታ፦ [ነፃ እጁን ወደ ጆሮው ሰዶ ይዳብሳል።] የሌንስ ጉድለት መስሎኝ ነበር።

ሚስት፦ እኔም ሳገባህ እንደሱ ነው ያሰብኩት። የዓይኔ ጉድለት ነው ብዬ። አሁን ምን እያደረገች ነው?

ብልጭታ፦ ማን?

ሚስት፦ ዒላማዋ።

ብልጭታ፦ ታዛጋለች። አፏ… አፏ በሙሉ ተከፈተ። ጥርስ የላትም።

ሚስት፦ ከታች ካለው ሰውዬ ትሻላለች።

ብልጭታ፦ እጇን አወጣች። ሰማዩን ልትይዝ ነው መሰለኝ። አልደረሰችበትም። ድጋሚ ሞከረች። እናቷ ይዛት ገባች።

ሚስት፦ እንዴት ሆነልህ ታዲያ?

ብልጭታ፦ ምኑ?

ሚስት፦ ፎቶው። አነሳሃት አይደል?

[ብልጭታ ካሜራዋን ያያል። ሚስቱን ያያል። ካሜራዋን ያያል።]

ብልጭታ፦ አልተጫንኩትም።

ሚስት፦ ቁልፉን?

ብልጭታ፦ ረሳሁት።

ሚስት፦ አንተ? ረሳህ?

ብልጭታ፦ ድምፅ ስለሌላት ነው። ቀጭ ካላለ ሰው በምን ያስታውሳል? ቆይ፣ በስሕተት ነክቼው እንደሆነ ልይ። [ካሜራዋ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል።] አለ! ፎቶ አለ።

ሚስት፦ የሕፃኗ?

ብልጭታ፦ አይደለም። የሆነ ሽማግሌ ነው። የእነዚያ የላኳት ሰዎች ፎቶ ይሆናል።

ሚስት፦ እስቲ። [ጎንበስ ብላ ታያለች።]

ብልጭታ፦ ይሄ ማነው ደግሞ? እዪው እስቲ ይሄንን ሰው፣ በሸሚዙ ጫፍ ሌንስ ይጠርጋል! በሸሚዝ ጫፍ! እንዲህ ያለውን ደንቆሮ ካሜራ አጠገብ ማድረስ ወንጀል ነው።

ሚስት፦ በጣም።

ብልጭታ፦ አቋሙን ደግሞ እዪ። ወገቡን ሰብሮ! ኩራቱ ግን… ፊቱ ላይ ያለው ኩራት! ሰው ሌንስ እያበላሸ እንዲህ ይኮራል?

ሚስት፦ ይኮራል። ግን ስታየው የሚያሳዝን ሰው ነው።

ብልጭታ፦ [ፎቶውን ያጎላዋል። ድምፁ ይቀየራል።] ያነሳው ሰው ግን… ቆይ። ያነሳው ሰው ሌላ ነው።

ሚስት፦ እንዴት?

ብልጭታ፦ ከሩቅ ነው የተነሳው፣ ግን እጅ አልተንቀጠቀጠም። ትንፋሹን ይዞ ነው የተጫነው። ብርሃኑ ከጎን እስኪመጣ ጠብቋል፤ ለዚህ ሽማግሌ ብሎ ጠብቋል። ፊቱ የሚያይበትን ወገን ክፍት ትቶለታል፣ እንዲተነፍስ። ይሄን ከካርቶን ላይ አይማሩትም። እንዲህ የሚያነሳ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ማነው ያስተማረው?

ሚስት፦ አንተ።

ብልጭታ፦ እኔ ተማሪ የለኝም።

ሚስት፦ አንዲት ነበረችህ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ሳጥን ላይ አቁመህ ፎቶ የምታሳጥባት። ቁመቷ ገንዳው ላይ አይደርስም ነበር።

[ብልጭታ ፎቶውን እንደገና ያያል።]

ሚስት፦ ሹራቡን አታውቀውም?

ብልጭታ፦ [ቀስ ብሎ] ሹራቡን አውቀዋለሁ። ሰውዬውን ነው ያላወቅኩት።

ሚስት፦ ከየት ታውቀዋለህ? አንድም ቀን ካሜራ ፊት ቆመህ አታውቅም።

ብልጭታ፦ [ቀጣዩን ፎቶ ይከፍታል፤ ቀጣዩን፤ ቀጣዩን።] ይሄም እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ተኝቼ። ይሄም። ይሄ ደግሞ… አንቺ ስትሻገሪ ቆሜ ሳይሽ።

ሚስት፦ ቢጫ ነኝ?

ብልጭታ፦ ቢጫ ነሽ።

ሚስት፦ «አባዬ በረንዳ ላይ ሲወጣ እቀርበዋለሁ» ትላለች። እኔ ደግሞ የምትሻገር መስሎኝ ነበር።

ብልጭታ፦ ካሜራዋ የነሱ ናት?

ሚስት፦ የባሏ ናት። ለሕፃን ትሆናለች ወይ ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ካንተ በቀር የሚያምኑት ባለሙያ የለም። ምን ልበላቸው?

[ብልጭታ ትንሿን ካሜራ ያጠፋል። ሌንሷ ዚ…ዝ እያለ ይገባል፤ እስኪገባ ይጠብቃል።]

ብልጭታ፦ ፍርድ አልሰጥም።

ሚስት፦ አሁንም?

ብልጭታ፦ ከሩቅ አየኋት። ከሩቅ ብቻ ዓይቶ መፍረድ ሙያ አይደለም። ከቅርብ መፈተን አለባት።

ሚስት፦ ከየት ቅርብ?

ብልጭታ፦ ከዒላማው አጠገብ።

ሚስት፦ እህ።

ብልጭታ፦ ለሙያው ስል ነው።

ሚስት፦ ለሙያው ነው እንጂ። ሸሚዝህን ፈትተህ ቆልፈው።

[ብልጭታ ሸሚዙን ፈትቶ እንደገና ያዛባዋል። ትንሿን ካሜራ ኪሱ ይከትና ይወጣል። በሩ ይዘጋል። ሚስት ብቻዋን ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ትልቁን ካሜራ ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ይጠራል።]

ሚስት፦ አቤት የኔ ልጅ። ደረሰ? ከፍተሽለት ነው ወይስ በር ላይ ቆሞ ነው?

ብልጭታ፦ [ከስልኩ ውስጥ] እኔ ነኝ።

ሚስት፦ ውይ። ምነው ድምፅህ?

ብልጭታ፦ ድምፄ ምንም አልሆነም። አስተኝተውብኛል።

ሚስት፦ ማንን?

ብልጭታ፦ ክንዴ ላይ። ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ፤ ሰጡኝ። ልጃችን ናት ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ።

ሚስት፦ እንዴት ናት?

ብልጭታ፦ ከትልቁ ካሜራ ትቀላለች። ግን ማስቀመጫ የላትም።

ሚስት፦ እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!

ብልጭታ፦ ጩኸቱን ቀንሺ፣ ትነቃለች። ስሚኝ፣ በረንዳ ላይ ልንወጣ ነው። አንቺ ከዚያ ሆነሽ አንሺን።

ሚስት፦ እኔ?

ብልጭታ፦ ሌላ ማን አለ? ትንፋሽሽን ያዢና ተጫኚ።

ሚስት፦ እሺ። ትልቁ ጭኔ ላይ ነው፣ ይኸው አነሳሁት።

ብልጭታ፦ በትልቁ አይደለም! ትልቁ አይደርስም፣ ነጥብ ነው የሚያደርገን። ጠዋቱን ሙሉ ምን ስነግርሽ ዋልኩ? ለእንዲህ ያለ ርቀት ትንሿ ናት! ዙም ያላት እሷ ናት! አንቺ ሴትዮ ግን መቼ ነው ስለ ካሜራ አንድ ነገር የሚገባሽ?

ሚስት፦ ትንሿ የታለች?

ብልጭታ፦ ጠረጴዛው ላይ ነዋ!

ሚስት፦ ጠረጴዛው ላይ የለችም።

ብልጭታ፦ ወንበሩ ሥር እዪ።

ሚስት፦ የለችም። አባቷ፣ እስቲ ልጅቷን ኪስህን ዳብሺ በላት።

[ከስልኩ ውስጥ የልጃቸው የታፈነ ሳቅ ይሰማል።]

ብልጭታ፦ አገኘቻት።

ሚስት፦ አገኘቻት?

ብልጭታ፦ ኪሴ ውስጥ ናት። ቀላል ስለሆነች ነው። ሰው ቢይዛትም አይታወቀውም። ጉድለቷ ላይ ጨምሪበት።

ሚስት፦ እጨምራለሁ። አሁን ታዲያ ምን ይሻላል?

ብልጭታ፦ እዚያ ብቻሽን ቆመሽ ምን ልትሠሪ? ነያ።

ሚስት፦ ልምጣ? በግልጽ?

ብልጭታ፦ በግልጽ። ትልቁንም ይዘሽው ነይ። ከቅርብ እሱን የሚያህል የለም።

ሚስት፦ እሺ፣ አመጣልሃለሁ። አንገቴን ቢሰብረውም አመጣልሃለሁ። መቼም አንተው ነህ የምታነሳን።

ብልጭታ፦ አይ። ልጅቷ ታንሳ። እኔ እጄ ተይዟል።